በምረቃ ሱፌ ቢሮ ልግባ? ጥያቄዬና የተከተሉት 26 መልሶች

እሁድ ማታ የለጠፍኩት ጥያቄ ይህ ነበር።

ሰላም ቤቶች። ሐምሌ 1 ሥራ ልጀምር ነው። የመጀመሪያዬ ነው። የተመረቅኩት በአካውንቲንግ ነው፤ የቀጠረኝ ቦሌ ያለ አነስ ያለ የኦዲት ቢሮ ነው። ደብዳቤዬን የሰጠችኝ ሴትዮ አለባበሳችን ቢዝነስ ካዥዋል ነው ብላ ሸኘችኝ። እኔም እንደገባው ሰው አንገቴን ነቅንቄ ወጣሁ። ቤት ስደርስ እናቴ ሱፍ ነው ወይስ አይደለም ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያለኝ ልብስ ይሄ ነው። አክስቴ የገዛችልኝ የምረቃ ሱፍ፤ ሰማያዊ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ያብለጨልጫል፣ ሱሪው እግሬ ላይ ልጥፍ ይላል። የምረቃው ነጭ ሸሚዝ። ከሱፉ ጋር የተገዛ ሹል ጥቁር ጫማ። ሁለት ጂንስ፣ ቲሸርቶች፣ ነጭ ስኒከር። እጄ ላይ 12 ሺህ ብር አለ፤ ደመወዝ እስክቀበል ሌላ አይመጣም። በሱፉ ልጀምር ወይስ ሌላ ልግዛ? ከገዛሁስ ከምን ልጀምር? አደራ፣ እንዳትስቁብኝ።

ሳቁብኝ። 1ኛው መልስ በሦስት ደቂቃ ውስጥ መጣ፤ አምስት የሚስቁ ፊቶች ደርድሮ ሄደ። ከሥር ከሥር የተመላለሱትን ሳልቆጥር በጠቅላላው 26 መልስ ደረሰኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ደግነቱ 2ኛዋ ቁም ነገረኛ ናት። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠራተኛ ቅጥር ላይ እንደምትሠራ ገልጻ፣ እንኳን ደስ አለህ ካለችኝ በኋላ ቃሉን ፈታችው። ከሙሉ ሱፍና ከክራቫት ዝቅ፣ ከጂንስና ከቲሸርት ከፍ ያለ አለባበስ ነው። ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ ጂንስ ያልሆነ ሱሪ፣ የቆዳ ጫማ። ሲበርድ ሹራብ ወይም ኮት ይደረብበታል። ክራቫት አያስፈልግም። በዚህ ሁሉ ውይይት ውስጥ ቃሉ በወጉ የተፈታው እዚህ ጋ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የጻፈ ሁሉ የየራሱን ትርጉም ይዞ ነው የመጣው።

ለምሳሌ 3ኛው። እሱ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ሱፍ ከነክራቫቱ መልበስ አለብኝ ባይ ነው። ሰው የሚለካው በር ላይ እንደሆነ፣ የበዛ ነገር ነገ ሊቀነስ እንደሚችል፣ በመጀመሪያ ቀን የተናቀ ግን ዓመት ሙሉ ተንቆ እንደሚቀር አስረዳኝ። ዕድሜው ጠና ያለ ሰው ይመስለኛል። 4ኛው ወዲያው ተነሳበት። በዚያ ሱፍ ከገባሁ ቢሮው በሙሉ ሠርጉ የማን እንደሆነ እንደሚጠይቀኝ፣ ዓመቱንም ሚዜ ተብዬ እንደምጨርስ አስጠነቀቀኝ። የምረቃ ሱፍ ከሩቅ ይታወቃል ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን ቅር አለኝ። አክስቴ ለዚያ ሱፍ የከፈለችውን አውቃለሁ።

ከዚያ 5ኛው ገባ። ልብስ ሰፊ ነው። ምክር ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገር እንዳይለት አዘዘኝ። ከኮቱ ጀርባ፣ ታች ክፍት መሆን ያለበት ቦታ ላይ፣ በመስቀል ቅርጽ የተሰፋ ክር አለ ወይ? እጅጌው ላይ የፋብሪካው ጽሑፍ አሁንም አለ ወይ? ኪሱስ ይከፈታል ወይ?

ሱፉ የሚሰቀለው በሩ ኋላ ካለው ምስማር ላይ ነው። አውርጄ አልጋው ላይ ዘረጋሁት። ነጩ ክር ቁጭ ብሏል። ጣት የማታክል መስቀል የኮቱን ክፍት ግጥም አድርጋ ይዛዋለች። የምረቃውን ቀን ሙሉ እሷን ይዤ ነው የዋልኩት። ፎቶዎቹን ከፈትኩ፤ ከኋላ በተነሳሁት ሁሉ ላይ አለች። እጅጌው ላይ በወርቃማ ክር የተጻፈው ጽሑፍም አለ። ኪሱን እንኳ ለጌጥ የተሠራ ነው ብዬ ትቼው ነበር። እናቴ ምላጭ አምጥታ ስፌቱን አንድ በአንድ ስትበጥሰው ለካ እጅ የሚያስገባ እውነተኛ ኪስ ኖሯል።

ይህንን ሁሉ ጽፌ ስመለስ ልብስ ሰፊው አልሳቀብኝም። ክሩ ኮቱ ሲጓጓዝ ቅርጹን እንዳያጣ ፋብሪካ ውስጥ የሚታሰር መሆኑን፣ ገዢ እንዲፈታው ሻጭ መንገር ሲገባው ማንም እንደማይናገር ነገረኝ። ቀጥሎ ሱሪውን ገልብጬ የወገቡን የኋላ ስፌት እንዳይ አዘዘኝ። ሁለት ጣት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ካለ ማስፋት ይቻላል፤ ከሌለ ግን መንካት አያስፈልግም። የእኔ ትርፍ የጥፍር ታህል ናት። ፍርዱ አጭር ነበር። ሱሪው እንዳለ ይቀራል፣ ኮቱ ስለሚያብለጨልጭ ከሌላ ሱሪ ጋር አይሄድም፣ ሱፉ ተሸፍኖ ለሠርግ ይቀመጥ። ወደፊት ኮት ስገዛም ከምንም በፊት ትከሻውን እንዳይ መከረኝ። ወገብ ይጠባል፣ እጅጌ ያጥራል። ትከሻ ለማስተካከል ግን ኮቱን ከእንደገና መፍታት ስለሆነ ዋጋው ከኮቱ ጋር ይፎካከራል።

ጭቅጭቁ የጀመረው በእጅጌው ጽሑፍ ነው። 6ኛው ጽሑፉ መነሳት እንደሌለበት፣ የጨርቁን ጥራት የሚናገረው እሱ እንደሆነ ተከራከረ። 7ኛዋ ዋጋውን ግንባሩ ላይ ለጥፎ የሚዞር ሰው አይታ እንደማታውቅ መለሰችለት። 8ኛው የአጎቱን ታሪክ አመጣ። አጎትየው ጽሑፉ በራሱ ጊዜ ተልጦ እስኪወድቅ ዓመታት ለብሶታል፤ ከቤተሰቡ አንሳው ለማለት የደፈረ አልነበረም። 6ኛው ይህንን እንደ ድጋፍ ቆጥሮ አመሰገነ። ለእኔ ድጋፍ አልመሰለኝም።

9ኛዋ ሁላችንንም ልታስቆም ነው የመጣችው። ስለ ቀለምና ስለ ክራቫት ከማውራታችን በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ እንደተረሳ፣ በተለይ 2ኛዋ ቀጣሪ ሆና መርሳቷ እንደገረማት ጻፈች። መሥሪያ ቤቱ የደንብ ልብስ ይሰጣል ወይ? እሷ ባንክ ስትቀጠር ከዘመድ ተበድራ ሦስት ጉርድና ሁለት ኮት አሰፍታ ነበር። በሁለተኛው ወር ባንኩ የደንብ ልብስ አደለ። ጉርዶቹን አንድ ሁለቴ ለብሳ ሰቀለቻቸው። ከወለደች በኋላ ደግሞ አልገባት አሉ። ዕዳውን ግን በየወሩ ቆጥባ ከፍላ ጨረሰች። 2ኛዋ ተመልሳ ስህተቷን አመነች። ከዚያ ሁሉ ሰው ስህተቱን ያመነ እሷ ብቻ ናት።

ሰኞ ጠዋት ደውዬ ጠየቅሁ። አይሰጡም።

10ኛው መልስ አንድ መስመር ነው። ከሁሉም የጠቀመኝ ደግሞ እሱ ነው። ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ከሕንፃው ፊት ለፊት ተቀምጬ የሚወጡትን ሰዎች እንዳይ ነገረኝ፤ በቃ። ማክሰኞ 11 ሰዓት ላይ ሄድኩ። ፊት ለፊት ካለች ካፌ አንድ ማኪያቶ አዝዤ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ከሕንፃው የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። የእኛን ቢሮ ሰዎች የለየኋቸው አንገታቸው ላይ ባለው የመታወቂያ ገመድ ነው። 11 ሰው ቆጠርኩ። ክራቫት ያሰረ የለም። ኮት የደረቡ ሁለት ናቸው። ወንዶቹ ባብዛኛው ሸሚዝ ላይ ሹራብ፣ ከሥር ጥቁር ወይም ግራጫ ሱሪ። ጂንስ የለበሰች አንዲት ልጅ አለች። ስኒከር ያደረገ ደግሞ አንድ ጎልማሳ አየሁ። እሱ ካደረገ እኔስ ምን አለብኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ሥራ ስጀምር ሰውየው የቢሮው ባለቤት ሆኖ ተገኘ።

ረቡዕ ዕለት ውይይቱ ጦፈ። 11ኛው ሸሚዝ ከሱቅ መግዛት ገንዘብ መጣል እንደሆነ፣ ሳልቫጅ ውስጥ በግማሽ ዋጋ ድፍን ጥጥ እንደሚገኝ ጽፎ አመራረጡንም አስተማረ። ኮሌታውን ገልብጦ ማየት፤ ሸሚዝ መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው። ብብቱን ማሽተት። ጀርባውን ብርሃን ላይ ዘርግቶ መያዝ፤ የሳሳ ቦታ ካለው ያኔ ይታያል። ቁልፎቹን መቁጠር። ምክሩ ጥሩ ነበር። 12ኛው ግን ያገለገለ ልብስ ነግዶ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ መሆኑን፣ ገበያው ላይ የምናየው በኮንትሮባንድ የገባ መሆኑን አስታወሰን። የአገር ውስጥ ልብስ ሰፊ ሥራ ሲያጣ ማንም እንዳያለቅስም አከለበት።

13ኛዋ ተቆጣች። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሸሚዝ ስንት እንደደረሰ ያውቅ እንደሆነ፣ የእሱ ደመወዝ ስንት እንደሆነ፣ አሁን የለበሰው ሸሚዝስ የየት አገር ሥራ እንደሆነ አከታትላ ጠየቀችው። አንዱንም አልመለሰም። 14ኛው ነገር ለማብረድ መሰለኝ የእናቱን ታሪክ አመጣ። እናቱ ሳልቫጅ የሞተ ሰው ልብስ ነው ብለው ስለሚያምኑ ሳይቀቀል ደጃፍ አያሳልፉም። አንድ ጊዜ የሱፍ ሹራቡን ቀቅለው የሕፃን ልጅ አድርገው መለሱለት። 12ኛውን በተመለከተ ያለው እውነት ነው። ኪሴን ግን አላየውም።

በጫማ ጉዳይ ማንም አልተጣላም። 15ኛው ወሩ ሐምሌ መሆኑን ሁሉም እንደረሳ ታዘበ። ከታክሲ ወርጄ ቢሮ እስክደርስ ጭቃ አለ፣ ጎርፍ አለ። ስለዚህ ከ12 ሺዋ ትልቁ ድርሻ የጫማ መሆን አለበት ይላል። ሹሉ ጫማ ከሱፉ ጋር ይቀመጥ። የሚገዛው አፍንጫው ክብ፣ ሶሉ ጎማ፣ ዙሪያውንም የተሰፋ እንጂ በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ አይሁን። ቆዳ መሆኑን ለማወቅ በአውራ ጣት ጫን ማለት ነው። ቆዳ ደቃቅ ጭምድድ ያሳያል፣ ፕላስቲክ ሰርጎድ ብሎ ይመለሳል። ጠርዙ ላይ ከሥር ጨርቅ የተለጠፈበት ከሆነ መተው። ሲረጥብ ውስጡን ጋዜጣ መጠቅጠቅ እንጂ ከሰል ምድጃ አጠገብ አለማስቀመጥ፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። ቦርሳ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለች እርጥብ ጨርቅ ይዞ በር ላይ ጠረግ አድርጎ መግባት። የኢትዮጵያ በግ ቆዳ በዓለም ላይ ለጓንት የሚፈለግ ሆኖ ሳለ እኛ ፕላስቲክ ተጫምተን ጭቃ መርገጣችን እንደሚያናድደውም ጽፏል። 16ኛው ሊስትሮ እንዳለ እንዳልረሳ ብቻ አስታውሶኝ ወጣ።

17ኛዋ ውይይቱን ወደ ሴቶች አዞረችው። እሷም በዚያው ሰሞን ሥራ ጀማሪ ናት፤ እስካሁን የተባለው ሁሉ የወንድ ነገር መሆኑ ሰልችቷታል። 18ኛዋ መለሰችላት። ታኮ ጫማ የሚኖረው ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ መንገዱና የታክሲ ሰልፉ በፍላት ጫማ ነው የሚኬደው። ጉርድ ሲገዛ ደግሞ ቆሞ ብቻ ሳይሆን ተቀምጦ መለካት ያስፈልጋል። ሚኒባስ ውስጥ በሁለት ሰው መሐል ተጣብቀው ሲቀመጡ ጉርዱ የት እንደሚደርስ የሚታወቀው ያኔ ነው። 19ኛዋ ሒጃብ የምታደርግ ናት። አበባና ጌጥ የሌለባቸው ሁለት ድፍን ሻርፖች፣ አንድ ግራጫ አንድ ቡና ዓይነት፣ ካላት ሁሉ ጋር ስለሚሄዱላት ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት የምታጠፋው ጊዜ እንደቀረላት ጻፈች።

የ20ኛዋ ታሪክ እስካሁን ያስቀኛል። ጥቁር ያቀጥናል፣ ቆሻሻም ይችላል ብላ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ሥራ ጀመረች። በሦስተኛው ቀን አንዲት ትልቅ ሴት የሥራ ባልደረባዋ ወደ ጥግ ወስደው፣ እጇን ይዘው፣ ማን እንደሞተባት ጠየቋት። ማንም እንዳልሞተ ብትነግራቸው አላመኑም። ልቻለው ብላ ነው ብለው እግዜር ያጽናሽ ብለዋት ሄዱ። በሳምንቱ ለማጽናኛ የተዋጣ ገንዘብ በፖስታ መጣላት። ከዚያ ወዲህ በጥቁር ላይ ቢያንስ ቀይ ሻርፕ ጣል ሳታደርግ አትወጣም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከአዲስ አበባ ወጣ። 21ኛው ድሬዳዋ ነው። ሹራብና ኮት ሲባል ሲሰማ ላብ ላብ እንደሚለው፣ እዚያ አጭር እጅጌ ሸሚዝና ሳሳ ያለ የጥጥ ሱሪ ለማንኛውም ቢሮ እንደሚበቃ ጻፈ። 22ኛው ከቴል አቪቭ ነው። የሱ አለቃ በቁምጣና በሰንደል እንደሚመጣ፣ እኛ በከንቱ እንደምንጨነቅ ነግሮን ሳቀ። 4ኛው፣ ሚዜ ያለኝ ማለት ነው፣ ተመልሶ ማን ጠየቀህ ዓይነት ነገር ጻፈለት። ከዚያ ሁለቱ ብቻ አሥር ጊዜ ያህል ተመላለሱ። የልብስ ወሬ አልነበረም፤ ማን አገሩን ጥሎ ሄደ፣ ማን ቀረ የሚል ነበር። አልፌዋለሁ።

23ኛዋ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የቃሉን አመጣጥ የነገረችን እሷ ናት። እዚያም መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛው ዓርብ ዓርብ ከሱፍ እንዲያርፍ መፍቀድ ሲጀምሩ ሰው ምን እንደሚለብስ ግራ ገብቶት ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. ጂንስ ሠሪው ሌቪ ስትራውስ ቢዝነስ ካዥዋል ምን እንደሚመስል በፎቶ የሚያሳይ ቀጭን መጽሔት አሳትሞ በሺዎች ለሚቆጠሩ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዎች ላከ። ድርጅቱ በዚያን ጊዜ ዶከርስ የሚባል የካኪ ሱሪ ይሸጥ ነበር። ይህን ሳነብ ትንሽ ቀለለኝ። የቀጠረችኝ ሴትዮ በአንድ ቃል ያስጨነቀችኝ፣ ቃሉን መጀመሪያ ሱሪ ሻጭ ስላስፋፋው ኖሯል።

24ኛው ልብስ ሰፊው ነው፤ ተመልሶ መጣ። ሁሉም ስለ ሁሉም ነገር ሲያወራ 12 ሺዋን የቆጠረ እንደሌለ ታዝቦ እሱ አከፋፈለልኝ። ለጫማ 4,500። ጨርቅ ገዝቶ ሁለት ሱሪ ለማሰፋት 4,000፤ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ፣ አንዱ ግራጫ፣ ሁለቱም የማያብለጨልጩ። ለሁለት ሸሚዝ 2,400፤ አንዱ ውኃ ሰማያዊ፣ አንዱ ስስ መስመር ያለው። ለቀበቶና ለካልሲ 700። የምረቃው ነጭ ሲጨመር ሦስት ሸሚዝ በሁለት ሱሪ ስድስት ዓይነት ይሆናል፤ የሥራ ቀን ደግሞ አምስት ነው። የምትቀረው 400 ለማሳጠሪያና ለማጥበቢያ። ኮት ከደመወዝ በኋላ ይደርሳል፣ ሹራብ ከቤት ይፈለግ። ስተኩስ እርጥብ ስስ ጨርቅ ጣል ሳላደርግበት ካውያውን ሱሪው ላይ እንዳላሳርፍ፣ አለዚያ አዲሱም እንደ ምረቃ ሱፌ ማብለጭለጭ እንደሚጀምር አስጠነቀቀኝ።

6ኛው፣ የእጅጌው ጽሑፍ ጠበቃ፣ በዚህ ዋጋ ጨርቅ የሚገኘው በሕልም ብቻ ነው ብሎ ተነሳ። ልብስ ሰፊው መርካቶ ሄዶ ጥቅሉን ሳይሆን ከጥቅል የተረፈውን ቁራጭ እንዲጠይቅ መለሰለት። አንድ ቁራጭ ለአንድ ሱሪ ይበቃል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ራሱ ለዓመታት ይገዛ የነበረው ሸማ ተራ ካለ ነጋዴ ነበር። ነጋዴው ግን በጥቅምት 2017ቱ ቃጠሎ ሱቁን አጥቶ አሁን ከወንድሙ ሱቅ ጥግ ላይ እንደሚሠራ ጻፈ። ከዚያ በኋላ 6ኛው እንኳ ዝም አለ።

የተባልኩትን አደረግሁ፤ ባብዛኛው። ጫማው 4,800 ወሰደብኝ፤ ባለሱቁ ፊት አውራ ጣቴን ሳሳርፍበት ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና ከሥር ሌላ ካርቶን አወጣ። መጀመሪያ ያሳየኝ ፕላስቲኩን ነበር። የጎደለችውን ለመሙላት አንዱን ሸሚዝ ከሳልቫጅ ገዛሁ። ቁልፎቹን ቆጥሬያለሁ።

ሐምሌ 1 ግራጫውን ሱሪ በነጭ ሸሚዝ፣ ከላይ የአባቴን ሹራብ ደርቤ ገባሁ። ስለ ልብሴ ያነሳ ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ግን ባለቤቱ በእርጥብ ስኒከር እየተንሿጠጠ አጠገቤ ቆመና እግሬን አየ። ጫማውን የት እንደገዛሁት ጠየቀኝ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ውይይቱ የሞተ መስሎኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ 25ኛዋ መጣች። የእሷ ጥያቄ ለልብስ ሰፊው ነው። ከተማሪነቷ ጀምሮ የሚሰፋላት ሰው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር የሚሠራው። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ እሷ ከተማ ውስጥ አልነበረችም። ስትመለስ ሱቁም ሰውየውም የለም። ኮቷ ደግሞ እሱ ጋ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል፣ ሬዲዮ የማይዘጋ፣ ቀጭን ሰውዬ መሆኑን ጻፈች፤ ምናልባት ያውቀው እንደሆነ።

26ኛው የልብስ ሰፊው መልስ ነው። ያውቀዋል። ወደ ሳሪስ ተዛውሯል። ስልኩን በውስጥ መስመር ላከላት። በማግስቱ ከሥር ጻፈች። ሄዳ አግኝታዋለች። ኮቷም አለ፤ ስሟ በካርቶን ተጽፎ ተንጠልጥሎበት፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። የሰጠችው እጅጌውን እንዲያሳጥርላት ነበር። አላሳጠረውም። ለቅዳሜ ቀጥሯታል።